እጄ ነው የጻፈው

«ብዕሩን ከወረቀቱ ያነሳ ይወጣል!» አሉ የቋንቋ መምህሩ፣ እንደ ልማዳቸው የመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጠው። «አታስቡ። አትሰርዙ። የሚጻፍ ከጠፋችሁ ‹የሚጻፍ ጠፋኝ› ብላችሁ ጻፉ። ብቻ እጃችሁ እንዳይቆም።»

ላጲስ ጨነቃት። ይህ ቅጽል ስም በከንቱ አልወጣላትም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ትጽፍና ታጠፋዋለች፣ ደግማ ትጽፍና ደግማ ታጠፋዋለች። ደብተሯ ላይ ካለው ጽሑፍ ዴስኳ ላይ ያለው የላጲስ ፍርፋሪ ይበልጣል እያሉ ይቀልዱባታል። ድርሰት ጀምራ እንጂ ጨርሳ አታውቅም። ዛሬ ደግሞ እርሳስ ተከልክሎ ሁሉም በእስክሪብቶ እንዲጽፍ ታዟል።

አጠገቧ የተቀመጠችው የልብ ጓደኛዋ በክርኗ ጎነጥ አደረገቻት። «አቦ ልቀቂው በቃ! እኔ ግማሽ ገጽ ስለ ተረከዜ ማሳከክ ጽፌያለሁ።»

እሷን ደግሞ ሬዲዮ ይሏታል። ጠዋት ከተከፈተች ማጥፊያዋ የት እንደሆነ የወለዷት እናቷም አያውቁም። ስለ መምህራን፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ሕልሟ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ አባቷ ታወራለች። አባቷ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ከተወሰኑ ወራት ወዲህ ለሥራ ሩቅ ቦታ እንደሄዱ፣ በየሳምንቱ እንደሚደውሉና ሲመለሱ አዲስ ስልክ እንደሚያመጡላት ክፍሉ በሙሉ በቃሉ ያውቀዋል።

«ቲቸር፣ ካላሰብን ከየት ይመጣል?» ሲል አንዱ ከኋላ ጠየቀ።

«አእምሯችሁ እንደ ቤት ነው» አሉ መምህሩ። «ሳሎንም ጓዳም አለው። ሳሎን ያለውን ታውቁታላችሁ፤ ለእንግዳ የምታሳዩት እሱን ነው። ጓዳ የገባውን ግን መቼ እንዳስቀመጣችሁት እንኳ አታስታውሱም። አይታችሁ ልብ ያላላችሁት፣ ሰምታችሁ የተዋችሁት ሁሉ እዚያ ነው። ድብቁ አእምሮ ይሉታል። ከሳሎኑ ብቻ የሚጽፍ ሰው ጽሑፉ እንግዳ ፊት እንደተቀመጠ ልጅ ነው፤ ጨዋ ይሆናል እንጂ አያወራም። በሉ፣ ጓዳ ግቡ!»

ላጲስ ‹የሚጻፍ ጠፋኝ› ብላ ጻፈች። ደገመችው። ሠለሰችው። ከዚያ እጇ ሳያስፈቅዳት ወደ ሌላ ነገር ገባ።

‹ልጅቷ ጮክ ብላ የምታወራው የሰውየው ድምፅ እንዳይሰማ ነው። በሩ ሁልጊዜ ዝግ ነው። እንግዳ ሲመጣ ትስቃለች፤ ሰውየው ከውስጥ ሲያስል ደግሞ ይበልጥ ትስቃለች። ሰው ሁሉ ሩቅ እንደሄደ ያምናል። ሩቁ ግን ከግድግዳው ወዲያ ነው...›

ደወሉ ሲደወል ሁለት ገጽ ሞልታ ነበር። እስክሪብቶ የያዙት ጣቶቿ ደንዝዘዋል።

መምህሩ ወረቀቶቹን እየተዘዋወሩ ሲያዩ እሷ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። አንብበው ጨረሱና እንደገና ከላይ ጀመሩ። «ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«አላውቅም ቲቸር። እጄ ነው የጻፈው።»

«እጅሽን አመስግኝልኝ። በደንብ ገልብጠሽ ነገ ጠዋት አምጪልኝ። የትምህርት ቤታችን መጽሔት የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይወጣል።»

ላጲስ መሬት የረገጠች አልመሰላትም። ከክፍል እንደወጡ ሬዲዮን እየጎተተች ከቧንቧው አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻትና ማንበብ ጀመረች። ሬዲዮ በመጀመሪያ «ቀላል ትጽፊያለሽ!» ብላ አደነቀቻት። ሰውየው ያሳለበት ቦታ ላይ ግን ዝም አለች። ላጲስ ቀና ስትል የጓደኛዋ ፊት አመድ መስሏል።

«ማን ነገረሽ?»

«ምኑን?»

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው? እናትሽ ናት አይደል የነገረችሽ?»

«ምን ሆነሻል? ድርሰት ነው እኮ! ዝም ብሎ የመጣልኝ...»

ሬዲዮ ቦርሳዋን አንጠልጥላ አንዲት ቃል ሳትጨምር በግቢው በር ወጣች። ላጲስ ጓደኛዋ ተናዳ ስትጮህ ብዙ ጊዜ አይታለች። ተናዳ ዝም ስትል ግን ያየቻት ያን ቀን ነው፤ ክፉኛ አስፈራት።

የላጲስ እናት ላውንደሪ አላት። ሁለት ማጠቢያ ማሽን፣ አንድ ትልቅ የእንፋሎት ካውያና ከጣሪያው በታች የተሰቀለ የልብስ ሰልፍ የያዘ ጠባብ ሱቅ ነው። ላጲስ ከትምህርት ቤት መልስ የደረቀውን እያጠፈች የየቤቱን ቁጥር በመርፌ ቁልፍ ትይዝበታለች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች እናቷ፣ አንድ ነጭ ጋዋን እየተኮሰች። «ፊትሽ ካውያ ያላገኘው ሸሚዝ መስሏል።»

«ከሬዲዮ ጋር ተጣላን። ምን እንዳደረግኳት ግን እኔ እንጃ።»

«ጠይቂያት። እሷ እንደሆነች መናገር አይቸግራት።»

ላጲስ የሚቀጥለውን ቅርጫት ሳበች። የነሬዲዮ ቤት ልብስ ነበር፤ አንሶላ፣ የእናትየው ቀሚስ፣ የሬዲዮ ሹራብ። ከሥር ጉልበቱ የሳሳ ቡናማ ቢጃማ ወጣ። እንደ ሌላው ጊዜ እጅጌውን ወደ ውስጥ አጠፈች፣ አንገቱን አስተካከለች። ሦስተኛው ቁልፍ ከሌሎቹ ተለይቶ አረንጓዴ ነው። የተከለችው ራሷ ናት። ባለፈው ወር ቁልፉ ወልቆ ሲመጣ ቡናማ አጥታ፣ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ሆኖ፣ ያገኘችውን ሰፍታበታለች።

እጇ ቀጥ አለ።

የወንድ ቢጃማ ነው። የትልቅ ሰው። ሬዲዮ ወንድም የላትም።

በየሳምንቱ ይመጣ የነበረው ሰማያዊ የሾፌር ሸሚዝስ መቼ ነው የቀረው? እነሬዲዮ ቤት ስትሄድ ያ የውስጠኛው በር መቼ ነው ክፍት የነበረው? ባለፈው አብረው የቤት ሥራ ሲሠሩ ከበሩ ወዲያ የሆነ ድምፅ ሰምታ «ምንድን ነው?» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ሬዲዮ በሳቅ እየፈረሰች አንድ ረጅም ወሬ ጀምራ ነበር። ላጲስ ሁሉንም አይታለች። ማየቷን ነው ያላወቀችው።

«እማዬ፣ ሩቅ የሄደ ሰው ቢጃማው እዚህ ምን ይሠራል?»

እናቷ ካውያውን በጀርባው አቆመች። «አሁን ገና አየሽው?»

«ታውቂ ነበር?!»

«እዚህ ቤት ልብስ ያወራል ልጄ። ማን እንደከሳ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን ሥራ እንዳቆመ ይነግረኛል። የኔ ሥራ ማጠብ ነው። አደባባይ ላይ ማስጣት አይደለም።»

ላጲስ ቦርሳዋ ውስጥ ያሉትን ሁለት ገጾች አሰበች። መጽሔቱ ከወጣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያነበዋል። ‹ልጅቷ ጮክ ብላ የምታወራው...› የሚለውን ያነበበ ሰው ማን እንደሆነች ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልገውም። እሷ አደባባይ ልታሰጣ ነበር፤ ያውም አሳምራ ተኩሳ።

«እኔ ላድርስላቸው?»

«ሂጂ። እንዳታጨማድጂው ብቻ።»

በሩን የከፈተችው ሬዲዮ ናት። ዓይኗ አብጧል።

«ልብስ አምጥቼ ነው።»

«ስጪኝ።»

ላጲስ ጥቅሉን አልለቀቀችም። «አላወቅኩም ነበር። እውነቴን ነው። ማንም ምንም አልነገረኝም፤ እጄ ነው የጻፈው።»

«እጅሽስ ከማን ሰማ?»

ላጲስ ቁልቁል ጥቅሉን አየች። ከላይ የተቀመጠው ቡናማው ነበር። «ከ... ከቢጃማው መሰለኝ።»

ሬዲዮ ቢጃማውን አየች። ከንፈሯን ነከሰች። ልትይዘው ሞከረች፣ ግን ሳቁ አመለጣት። «ከቢጃማው! ተነቃብን በያ! እማዬ መጋረጃ ስትዘጋ፣ እኔን ውሸት ስታስጠናኝ ከርማ፣ ቢጃማ ያጋልጠን?» ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። ላጲስ ጥቅሉን በአንድ እጇ እንደያዘች ደረጃው ላይ አብራት ተቀመጠች።

ሬዲዮ ሁሉንም ነገረቻት። በዝናብ ቀን አውቶቡሱ ተንሸራቶ ከመንገድ ወጥቷል። የሞተ የለም፤ እጁ የተሰበረ አንድ መንገደኛም ድኗል። አባቷ ግን ከዚያ ወዲህ መሪ መያዝ አቃታቸው። በመጀመሪያ ጥቂት ቀን ልረፍ አሉ። ከዚያ ከክፍላቸው መውጣት ተዉ።

«ሐኪም ያየዋል፤ መድኃኒትም ይወስዳል። ቀስ በቀስ ነው የሚሻለው አሉ። እማዬ ግን ሰው ‹አበደ› እንዳይለው ፈራች። ‹ለሥራ ሄዷል በይ› አለችኝ። አልኩ። አንዴ ካልኩ በኋላ ማቆሚያ አጣሁ። ደወለ፣ ስልክ ገዛልኝ፣ እንዲህ አለ... አንቺ ደግሞ ‹ከዚያስ?› ትያለሽ!»

«እኔ ምን ላድርግ፣ ደስ የሚል ወሬ ነበር።»

«ደክሞኛል እኮ» አለች ሬዲዮ፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ሰው ሁሉ ማውራት የምወድ ይመስለዋል።»

«ትወጃለሽ ደግሞ።»

«እሱማ እወዳለሁ።» ረጅም ትንፋሽ አወጣች። «ግን አሁን አንድ ሰው አወቀ። ቀለለኝ፣ ታምኛለሽ? ከባድ ቦርሳ ተሸክሜ ቆይቼ ያስቀመጥኩ ነው የመሰለኝ።»

«ማነው?» የሚል የወንድ ድምፅ ከውስጥ መጣ። ሁለቱም ደነገጡ። «የላውንደሪዋ ልጅ ናት? በር ላይ አታቁሚያት እንጂ።»

ሲገቡ የሬዲዮ አባት ሳሎኑ መሐል ቆመዋል። ጺማቸው አድጓል፣ ነጠላ ጫማቸው ተለዋውጧል፤ ግራውን በቀኝ አድርገውታል። ላጲስ ጥቅሉን ዘረጋች። «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ልብስ... ልብሱ ደርሷል።»

ቢጃማውን አንስተው ገለጥ አደረጉት። «ለመሆኑ ይቺ አረንጓዴ ቁልፍ የማን ፈጠራ ናት?»

«የኔ ናት ጋሼ። ቡናማ አጥቼ ነው፤ ይቅርታ።»

«ኧረ ተያት። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ስቆም የትራፊክ መብራት ትመስለኛለች። ‹እለፍ› ትለኛለች።» ቁልፏን በጣታቸው እየዳሰሱ በቀስታ ጨመሩ፣ «አንድ ቀን እሰማት ይሆናል።»

ሬዲዮ አባቷን አፏን ከፍታ ታያለች። ስለ መንገድ ሲያወሩ፣ ያውም ሲቀልዱ፣ ከአደጋው ወዲህ ሰምታቸው አታውቅም።

«አንቺስ ምነው ዛሬ?» አሏት ልጃቸውን። «ባትሪ ጨረስሽ?»

«ቻርጅ ላይ ነኝ አባዬ» አለች።

ሳቅ የሚመስል ነገር በከንፈራቸው አለፈ። ቢጃማቸውን ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው ቀስ እያሉ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ።

ላጲስ ስትወጣ ሁለቱን ገጾች ከቦርሳዋ አወጣች። በሕይወቷ ሳትሰርዝ የጻፈችው ነገር ይኸው ብቻ ነው። የመጽሔቱን የመጀመሪያ ገጽ ከዛሬ ሳይሆን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስትመኘው የኖረች መሰላት። «እንቺ» አለች። «ከፈለግሽ ቅደጃቸው።»

ሬዲዮ ተቀብላ አነበበቻቸው፤ አሁን እስከ መጨረሻው። «አልቀድም። ቆንጆ ነው። ያናደደኝም እሱ ነው።» አጠፈቻቸው። «አንድ ቀን እማዬንና አባዬን እጠይቃቸዋለሁ። ዛሬ ግን አይሆንም።»

«እሺ» አለች ላጲስ። «እኔ ጋ ሌላ ቅጂ የለም።»

በማግስቱ ጠዋት መምህራን ክፍል በር ላይ ቆማ አንኳኳች። መምህሩ ሲያዩዋት ወንበር ሳቡላት። «ደረሰ?»

«አላመጣሁትም ቲቸር።»

«አላለቀም? ወይስ መሰረዝ ጀመርሽ?»

«አንድም ቃል አልሰረዝኩም። ግን...» ቃል ፈለገች። «ጓዳው የኔ ብቻ አልነበረም። የሌላ ሰው ዕቃ አለበት።»

መምህሩ ለመጠየቅ አፋቸውን ከፈቱና ፊቷን አይተው ተዉት። የያዙትን እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ገባኝ። መጽሔቱ ግን መጠበቅ አይችልም። በምትኩ ዛሬውኑ የምትሰጪኝ ነገር አለ? ወይስ ቦታውን ለሌላ ልጅ ልስጥ?»

ደብተሯ ውስጥ ተጀምረው የቀሩ ብዙ ድርሰቶች አሉ። አንዱን አስተካክላ ብትሰጣቸው እምቢ እንደማይሏት ታውቃለች።

«ለሌላ ልጅ ይስጡት ቲቸር» አለች። «እኔ ሲመጣልኝ አመጣለሁ።»

ከክፍሉ ስትወጣ ትከፋለች ብላ ጠብቃ ነበር። አልከፋትም። ሌሊቱን እንቅልፍ እንደጠገበ ሰው ነው የሆነችው። ሬዲዮ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ትጠብቃታለች።

«ምን አሉሽ? ተቆጡ? ምን ብለሽ ነገርሻቸው?»

«ምንም» አለች ላጲስ። «ነይ፣ በሩ እንዳይዘጋብን።»

ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ ክፍል ገቡ።