ሁለት መስመር በአንድ ግድግዳ

ሴራሚክ ለጣፊው ታሪኩ የሞተው ቀይ እርሳሱን ጆሮው ላይ እንደሰካ ነው። መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ፣ በእነቢተው ቤት፣ ሴራሚክ ሲለጥፍበት በነበረው መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተደፍቶ፣ ማጅራቱን በገዛ መዶሻው ተመትቶ ተገኘ። ኢንስፔክተር ይመኙሻል ስትደርስ ባልየው ቢተው እጁ በካቴና ታስሮ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ፖሊሶቹ በሐሳባቸው ፋይሉን ዘግተውታል፤ ቀናተኛ ባል፣ መልከ መልካም ሠራተኛ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ምርመራ ያስፈልጋል? ይመኙሻል ግን እንዲህ ቶሎ ያለቀ ነገር አይጥማትም። የቅናት ወሬ ሲበዛ እንደሚጣፍጥና ሳይጣራ ሰው እንደሚያሳስር ደጋግማ አይታለች።

መጀመሪያ ሚስትየዋን ሸዋረግን አናገረች።

«ሦስት ሰዓት ላይ ገበያ ስሄድ የመስኮቱን ግድግዳ ለመጨረስ ሁለት ሴራሚክ ቀርተውት ነበር። የበሩ ግድግዳ ባዶ ነው። ሰባት ሰዓት ስመለስ እዚያ ላይ ሁለት ረድፍ ወጥቷል፤ እሱ ግን...»

«ሁለት ረድፍ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?»

«ለሱ? ሦስት ሰዓት። አንዷን ሴራሚክ አሥር ጊዜ ነው በውሃ ልክ የሚለካት።»

በዚህ ስሌት ሟቹ እስከ ስድስት ሰዓት ቆሞ ሠርቷል። ልክ በስድስት ሰዓት ደግሞ ቢተው ከግቢው ሲወጣ ጎረቤት አይቶታል።

ቢተው አልካደም። «ገብስ አጨዳ ላይ ነበርኩ። ልቤ አላርፍ አለኝና ማጭዴን ጥዬ መጣሁ። በሩ ላይ ጆሮዬን ደቅኜ ቆምኩ፤ ድምፅ የለም፤ ተመለስኩ።»

«ገበያ እንደሄደች አታውቅም?»

«ነግራኛለች። አላመንኳትም።»

ሸዋረግ ፊቷን አዞረች።

የቀረው ተጠርጣሪ ይታየው የሚባል ለጣፊ ነበር። ታሪኩ ከደብረ ብርሃን እስኪመጣ ድረስ በከተማው ሴራሚክ ለጣፊ እሱ ብቻ ነው። ይህንንም ሥራ የጀመረው እሱ ሲሆን፣ ሸዋረግ ነጥቃ ለታሪኩ ሰጠችበት። ሆኖም ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ማኅበር ላይ ተቀምጦ ሃያ ሰው አይቶታል።

«ታሪኩን ትጠላው ነበር?» አለችው ይመኙሻል።

«ነፍሱን ይማረው። እጁ ጥሩ ነው ይላሉ።»

«ይላሉ?»

«ሰው ሁሉ ይላል» አለ ጥርሱን ነክሶ። «እኔ አላየሁለትም።»

ይመኙሻል መታጠቢያ ቤቱ ገብታ በሩን ዘጋችና ከበሩ ግድግዳ ፊት ቆመች። ከአዲሶቹ ረድፎች በላይ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ወደ ኮርኒሱ ይወጣሉ፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ። ሸዋረግን ጠርታ ጠየቀቻት።

«ጥቁሩ የይታየው ነው። ከበሩ በሙሉ ሴራሚክ እንጀምር ብሎ አሰመረ፤ ወዲያ ጫፍ ላይ ግን ቅንጣቢ ይቀራል። ታሪኩ ‹ቁራጩ በሁለቱም ጫፍ እኩል ይሁን› ብሎ ከግድግዳው መሐል ተነሥቶ በቀይ አሰመረ።»

ኢንስፔክተሯ አጎንብሳ የረድፎቹን ጫፍ በጣቷ ለካች። የመጨረሻው ቁራጭ ሁለት ጣት አይሞላም። ቀና አለችና ሁሉንም አስጠራቻቸው።

«በዚህ ግድግዳ ላይ ታሪኩ አንድም ሴራሚክ አልለጠፈም» ብላ ጀመረች። «እሱ ቀዩን ይከተል ነበር፤ እነዚህ ረድፎች ግን ጥቁሩን ነው የተከተሉት። ስለዚህ የሞተው የመስኮቱን ግድግዳ እንደጨረሰ፣ ሦስት ሰዓት ብዙም ሳያልፍ ነው። ቢተው በሩ ላይ ሲያደምጥ ድምፅ ያጣው ለዚህ ነው። ገዳዩ ሁለት ረድፍ ለጥፎ የሄደው፣ እኛ ሰዓቱን በረድፍ እንድንቆጥር ብሎ ነው። ቢተው ሲሚንቶ እንኳ አያቦካም። ይህ የለመደ እጅ ነው፤ ፈጥኖ ጨርሶ አምስት ሰዓት ላይ ማኅበር የደረሰ።»

ይታየው ሳቀ። «እኔ ብሆን ቀዩን መከተል ያቅተኝ ነበር?»

«እኔም የገረመኝ እሱ ነው» አለች ይመኙሻል ረጋ ብላ። «ቀዩ ያምራል። ልጁ ልክ ያውቅ ነበር። ካንተ ይበልጥ ነበር።»

«በሱ መስመር እጄ አይሠራም!» ይታየው ጮኸ። «ከበር ነው የሚጀመረው! ሰው ሲገባ የሚያየው ሙሉውን ነው! አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ስሠራ ማን ምን አለኝ?»

ያለውን የሰማው ከተናገረው በኋላ ነው። ድምፁ ወረደ።

«ሥራውን ለማየት ብቻ ነበር የመጣሁት» አለ። «የመስኮቱን ግድግዳ አየሁት። አምሮ ነበር። እኔ እንዲህ ሠርቼ አላውቅም። ቀናሁ። መዶሻው እግሬ ሥር ነበር።»

ካቴናው ከቢተው እጅ ወጥቶ በይታየው እጅ ላይ ገባ። ቢተው አንጓውን እያሻሸ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«እኔ እንዳልሆንኩ ታውቂ ነበር፣ አይደል?»

«አላውቅም ነበር» አለች ሸዋረግ። «አንተ ነህ ብዬ ነበር። ፖሊሶቹም ሲጠይቁኝ ‹ባሌ ሊሆን ይችላል› ብያቸዋለሁ።»

«እኔን ጠረጠርሽ?»

«አንተስ እኔን?»

ቢተው ነጻ ወጥቶም እንደ እስረኛ ባለበት ደርቆ ቀረ። ሸዋረግ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ኢንስፔክተሯ ተጠጋች።

«መኪናችሁ በእናቴ ሰፈር ያልፋል?»

«ያልፋል» አለች ይመኙሻል፤ የፊቱንም በር ከፈተችላት።