የታፕሱቤይ ጥፍር

አዛውንቷ ታፕሱቤይ ከሻይ ማሳቸው ዳር በገጀራ ተጨፍጭፈው ተገኙ። አንገታቸው ሊበጠስ ጥቂት ቀርቶታል፤ ግራ ክንዳቸው ተሰብሯል። የቀኝ እጃቸው ጥፍሮች ግን በደም ተሞልተው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ለማንም እጅ ያልሰጡ ሴት፣ ሲሞቱም አልሰጡም።

ሬሳውን አቅፎ የተገኘው ልጃቸው ኪሙታይ ነው። ከካፕሳቤት ከተማ የተጠራችው መርማሪ፣ ኢንስፔክተር ቼሮፕ ስትደርስ ሰፈርተኛው ጎማና ቤንዚን ይዞ ልጁን ከቦታል።

«አባቱን የበላ ይቃጠል!»

ወደ ሰማይ ተኮሰች፤ አፉና አፍንጫው ደም የሚያጎርፈውን ወጣት ጎትታ መኪናዋ ውስጥ ከተተችው።

«አባቱን» ማለታቸው አልተሳሳቱም። ታፕሱቤይ ባላቸው ልጅ ሳይወልዱ ሲሞቱባቸው፣ በእኛ በኬንያ ናንዲዎች ወግ ከብት ሰጥተው ጄሮቲች የምትባል ልጃገረድ አገቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአገሩ ዓይን ወንድ ናቸው። ጄሮቲች ኪሙታይን ስትወልድ የልጁ አባት ታፕሱቤይ፣ የመሬቱም ወራሽ ልጁ ሆነ። ዘሩን የሰጠው ሰው ስሙ አይነሳም፤ መጠየቁም ነውር ነው። ቼሮፕም ናንዲ ናትና ነውሩን ታውቀዋለች፤ ግን ነውር የሚያቆማት ሴት አይደለችም።

በመጀመሪያ የታፕሱቤይን ሟች ባል የወንድም ልጅ ኪርዋን አነጋገረችው። ኪሙታይ ባይኖር መሬቱ የእሱ ይሆን ነበር።

«በመሬቱ ተጣልታችኋል አሉ።»

«ሙግት ጠብ ነው እንዴ? ልጁ የኛ ደም የለውም፤ ይመርመር ብያለሁ።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ፣ ፈሩ እንጂ! እስቲ መልኩን እዪው፣ እኛን ይመስላል?»

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ወንድሜ። ለማንኛውም ምራቅህን ልውሰድ።»

«የኔን? ጠበቃዬ በሌለበት አልሰጥም!»

በዚህ መሃል ጄሮቲች ሙርሲክ ከቅሉ ቀድታ አቀረበች። ኪርዋ እርጎውን በግራ እጁ ሲቀበል አብረው የተቀመጡት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ፊታቸውን አዞሩ። በዚያ ፀሐይ ካፖርት ለብሷል።

«ምነው በግራ?» አለችው ቼሮፕ።

«ላም ወግታኝ ነው።»

ሌላው ተጠርጣሪ በወሰን የሚጨቃጨቀው ጎረቤት ላጋት ነበር። ምራቅ ስትጠይቀው ሳቀባት።

«ባልዲ አምጪና ልሙላልሽ!»

ጄሮቲችን ለብቻዋ ወሰደቻት።

«ኪሙታይን ማን ነው የሰጠሽ እህቴ?»

«ባሌ ታፕሱቤይ።»

«የደሙን ነው የምልሽ።»

«እንደማልናገር ምያለሁ። ባሌ ሞተዋል፤ መሐላዬ ግን አልሞተም።»

«ልጅሽ እስር ቤት ሊበሰብስ ነው እኮ!»

ሴትዮዋ መሬት ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ስሙን ግን አላወጣችውም።

«እሺ፣ ኪርዋ ልጁ ይመርመር ሲል ባልሽ ፈርተው ነበር?»

«መፍራት? ሳቁ እንጂ! ‹ነገ ሽማግሌ ፊት እሺ እላለሁ› አሉ። ነገን መች አዩት!»

የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ ቼሮፕ ሁሉንም በሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ሰበሰበቻቸው። ኪሙታይ እጁ በካቴና ታስሮ እናቱ አጠገብ ተቀመጠ።

«ከጥፍራቸው ሥር የተገኘው ደም የወንድ ነው» አለች። «የኪሙታይ አይደለም። የላጋትም አይደለም።»

«ባልዲውን አምጪ ብዬሽ ነበር!» አለ ላጋት።

«ታዲያ የማን ነው?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«አባባ፣ ሰው ሲፀነስ የዘረመሉን ግማሽ ከእናቱ፣ ግማሹን ከአባቱ ይወስዳል። የገዳዩ ደም ከኪሙታይ ጋር በታየበት ቦታ ሁሉ በግማሽ ይገጥማል። ወንድም ቢሆን አንዱ ጋ ገጥሞ ሌላው ጋ ይስት ነበር፤ ይሄ አንድም ቦታ አልሳተም። እንዲህ የሚሆኑት ወላጅና ልጅ ናቸው። እናቱ ሴት ናት፤ ኪሙታይ ደግሞ ገና አልወለደም። ስለዚህ የገደላቸው፣ ዘሩን የሰጠው ሰው ነው።»

ቼሮፕ ወደ ኪርዋ ዞረች።

«ይመርመር ያልከው አሮጊቷ አፍረው መሬቱን እንዲለቁልህ ነው። እሳቸው ግን እሺ አሉ። ቢመረመር ደግሞ ልጁ የናንተው ደም፣ ያውም ያንተው ልጅ ሆኖ ሊገኝ ነው። እሳቸውን ገድለህ በልጁ ብታላክክ ሁለቱም ይጠፉልሃል። ምራቅህን ደበቅክ። እኛ ጋ ዘር የሰጠ አይቆጠርምና፣ የኪሙታይ ደም በምራቅህ ፈንታ እንደሚመሰክርብህ ራስህም ሳትቆጥረው ቀረህ። እስቲ ካፖርትህን አውልቅ!»

«እሱ ነው!» ብላ ጄሮቲች ጮኸች። «ለገዳይ የማልኩት መሐላ የለም!»

ኪርዋ ከካፖርቱ ቢላ መዝዞ ዘለለባት። ኪሙታይ መሃል ገባ፤ ቢላው ትከሻው ላይ ተሰካ። ወጣቱ በታሰሩ እጆቹ የኪርዋን ፊት ደጋግሞ መታው፤ ጥርስ ረገፈ። ጥሎት ላዩ ላይ ወጣና የካቴናውን ሰንሰለት ጉሮሮው ላይ ተጫነው። የኪርዋ እጅጌ ተሰብስቦ የአሮጊቷ ጥፍር የተለተለው ቀኝ አንጓው ታየ። ፖሊሶቹ ሊያላቅቋቸው ቢታገሉም አቃታቸው።

«ተው... ልጄ... እኔ ነኝ አባትህ!» አለ ኪርዋ እያጣጣረ።

ኪሙታይ እጁን አላላ። ደም ከትከሻው እየወረደ ሰውየውን ከላይ ወደ ታች አየው።

«የኔ አባት ሻይ ማሳው ዳር ተቀብረዋል» አለው። «የገደልካቸው አንተ ነህ።»

ተነሥቶ የታሰሩ እጆቹን ለቼሮፕ ዘረጋላት። ካቴናውን ፈትታ ኪርዋ እጅ ላይ አጠለቀችው።