የእትዬ ጉድሩን ሰላይ

ስሚኝማ የኔ እህት፣ ዶሪን ዛሬ ሰው ልታዋርድ ነው። ቀልድ እንዳይመስልሽ። ሦስት ወረቀት አጣጥፋ ሹራቧ ውስጥ ደብቃ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ ብላ ተራዋን እየጠበቀች ነው። አልፈራችም፣ ቸኩላለች እንጂ።

የታሪክ ክፍለ ጊዜ ነው፣ ላይፕዚግ፣ ዘጠነኛ ክፍል። ቲቸር ፎልከር «እያንዳንዳችሁ አንድ ታዋቂ ሰላይ መርጣችሁ ታቀርባላችሁ» ብሎ ነበር። አንዱ ልጅ ስለ ዞርገ አወራ፤ ቶኪዮ ተቀምጦ ለሞስኮ ሲሰልል ስለተሰቀለው። አሁን ፊት የቆመችው ፔጊ ናት፣ የዶሪን የልብ ጓደኛ። የእናቷን ሻሽ ወገቧ ላይ አስራ ማታ ሃሪን ሆናለች።

«ዳንሰኛ ነበረች። ፈረንሳዮቹ ለጀርመን ሰልለሻል ብለው ረሸኗት» አለችና ወገቧን ነቅነቅ አደረገች።

«ድገሚው!» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ።

«አንተን ልሰልል? ምን ሚስጥር አለህና!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዶሪን ግን ሻሹን እያየች ጥርሷን ነከሰች። የእትዬ ጉድሩን ሻሽ ነዋ።

እትዬ ጉድሩን የፔጊ እናት ናት። አንቱታውን ተይው፣ አይገባትም። ከአምስት ዓመት በፊት የዶሪን አባት ምድር ቤት ውስጥ የጎማ ጀልባ ሲለጣጥፍ ከረመ፤ መውጣት ከተከለከለበት ከምሥራቅ ጀርመን፣ ሚስቱንና ልጁን ይዞ በባልቲክ ባሕር ወደ ዴንማርክ ሊያመልጥ። ሙጫው ሳይደርቅ ደህንነቶቹ መጥተው ወሰዱት። ሃያ ወር ታሰረ። ይኸው እስከ ዛሬ በር አይዘጋም። ሽንት ቤት እንኳ ሲገባ በሩ ብርግድ ነው፤ ዶሪንና እናቷ ዘፈን ከፍተው ነው የሚጠብቁት።

አገሩን ለሁለት የከፈለው ግንብ ፈረሰ፣ መንግሥቱም ሄደ፣ ዘንድሮ፣ በፈረንጆቹ 1992፣ ደግሞ ሰዉ ደህንነቶቹ የያዙበትን የራሱን ፋይል እንዲያነብ ተፈቀደለት። አባቷ ጠይቆ የጠቋሚውን ስም ጭምር አገኘ። የምስጢር ስም፦ ቫዮላ። እውነተኛ ስም፦ ጉድሩን ክሬል። ቅጂውን ቁም ሳጥን ላይ ጣለው። ዶሪን ዛሬ ጠዋት ሰረቀችው። ትራም ላይ ሁለቱን ገጽ አንብባ፣ ሦስተኛውን ሳትጀምር መውረጃዋ ደረሰ። ምን ቸገራት? የሚበቃትን አንብባለች።

«ዶሪን፣ ተራሽ ነው» አለ ቲቸር።

ወጣች። «የኔ ሰላይ ታዋቂ አይደለችም» አለች። «ዛሬ ግን ትታወቃለች።»

«ኧረ ቀወጠችው!» አለ ያ ከኋላ ያለው።

ፔጊ ምንም ሳታውቅ አውራ ጣቷን ቀስራ አበረታታቻት። ዶሪን ሆዷ ትንሽ ባባ። ወዲያው ግን አባቷ ታወሳት፣ ጨከነች። ሦስተኛውን ገጽ ከላይ አደረገችው፤ ፊርማው ያለው እሱ ላይ ነው።

«‹ምንጭ ቫዮላ። መስከረም 1987›» ብላ ጀመረች። «‹ዛሬ ልጅቷ ከልጄ ጋር ከትምህርት ቤት መጣች። የፕሪም ኬክ ሰጠኋት። አባትሽ ቅዳሜ ምን ሲሠራ ዋለ ብዬ ጠየቅኋት። ሁለተኛውን ቁራሽ ስሰጣት...›»

ድምጿ ቆመ። ዓይኗ ግን ማንበቡን ቀጠለ። ‹አባቷ ምድር ቤት ጀልባ እየለጠፈ መሆኑን ነገረችኝ። ለማንም እንዳትናገር ተነግሯት እንደነበርም ገለጸችልኝ። ጀልባውን ሥላ አሳየችኝ፤ ሥዕሉ ተያይዟል።›

አሥር ዓመቷ ነበር። ሥዕሉ ትዝ አላት። ሰማያዊ ጀልባ፣ ሦስት ሰው፣ አንድ ውሻ። ውሻ እንኳ አልነበራቸውም።

አየሽ፣ ቫዮላ ጸሐፊ ነበረች እንጂ ሰላይዋ ዶሪን ራሷ ናት። በኬክ የተቀጠረች።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለ ቲቸር።

ፔጊ ጓደኛዋ የረሳች መስሏት «ስሟን ተናገሪ፣ ስሟን!» ትላለች በሹክሹክታ።

ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ብትናገረው ሃያ ስምንት ልጅ ይሰማል፣ ፔጊ ወንበሯ ላይ ትቀልጣለች፣ እትዬ ጉድሩን ግን ቤቷ ተቀምጣ ጥፍሯን ትሞርዳለች። ይሄማ ለእትዬ ጉድሩን በርካሽ መገላገል ነው! የዶሪን ንዴት የበረደ እንዳይመስልሽ፤ እንዲያውም ባሰባት።

«አልጨረስኩትም» ብላ ወረቀቱን አጠፈች።

«ስድስት!» አለ ቲቸር። እዚያ አገር ትልቁ ውጤት አንድ ነው፣ ከስድስት የባሰ የለም።

እረፍት ላይ ፔጊ ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። «አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው? ደሞ ማን ናት ይቺ ሴትዮ?»

ዶሪን ሦስቱንም ገጽ ሰጠቻት። የመጀመሪያውን «ውሸት ነው!» እያለች አነበበች። ሁለተኛውን በጣቷ መስመር በመስመር እየተከተለች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ አጥሩን ተደግፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«እኔም እዚያው ነበርኩ» አለች ቀስ ብላ። «ለኔ ሁለተኛ አልሰጠችኝም። ቀንቼብሽ ነበር።»

«ለክፍሉ ላነበው ነበር» አለች ዶሪን። «አሁን ግን ለራሷ ነው የማነብላት። ዛሬውኑ፣ ፊት ለፊቷ ቆሜ፣ ከመጀመሪያው እስከ ፊርማው። ከፈለግሽ ጥዪኝ።»

ፔጊ ፊቷን በእጅጌዋ ጠራረገችና ተነሳች። ያለቻትን አንድ ቃል ሳልጨምር ልንገርሽ፦

«ለከሰዓት ፈረቃ ሳትወጣ እንድረስባት። አንቺ አንብቢላት፣ እኔ ዓይን ዓይኗን ነው የማያት።»