ቃል የሌለበት ገጽ

በ፲፱፻፹፭ ዓ.ም. የነሐሴ ጉም መቱን ሸፍኗት ሰነበተ፤ ከተማይቱም ከደመና ወጥታ ተመልሳ ደመና ውስጥ የምትገባ ትመስል ነበር። በዚያ ክረምት የጽሕፈት ቤቶች ሥራ በኦሮምኛ፣ በላቲኑ የቁቤ ፊደል እንዲሆን ታዝዞ አዳዲስ የጽሕፈት መኪናዎች ገቡ፤ አሮጌዎቹም ጥግ ያዙ።

ወይዘሮ ዕፀገነት ገዛኸኝ ሃያ ዓመት ሙሉ የአማርኛውን መኪና የመታች፣ ሁለት ልጆቿንም ብቻዋን በዚያ ደመወዝ ያሳደገች ጸሐፊ ነበረች። ኦሮምኛ አፍ የፈታችበት ነው፤ ቁቤውንም ባልደረባዋ ዲሪቤ በሁለት ወር አስተምራታለች። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ልቧ ድንገት እየተነሣ ይጋልብ፣ ግልቢያውም በድንገት ቀጥ ይል ጀመር፤ ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ደኅና ሆና ትገኛለች። ስለዚህም ከአለቃዋ እስከ ንስሐ አባቷ ሁሉም "ቁቤው አስፈርቷት ነው፤ ጭንቀት ነው" አለ። የሚያሳዝነው፣ እርሷም ማመን ጀምራ ነበር።

አንድ ማለዳ አለቃዋ አቶ ቀኖ ለዲሪቤ የሚመታ ረቂቅ ሰጧት፤ ዲሪቤም አንብባ አለቀሰች። "ጸሐፊዋ አዲሱን ፊደል በመፍራት ጭንቀት ስላደረባት በጡረታ ትሰናበት" ይላል።

"አምጪው፤ እኔው እመታዋለሁ" አለች ዕፀገነት።

"ይተዉት እትዬ! ልብዎ ይነሣብዎታል!"

"ይነሣ እንግዲህ። ካሰናበቱኝ አይቀር በደንብ ተጽፎ ያሰናብቱኝ።"

በቁቤ መታችው። ጣቷ አልሳተም፤ ልቧም አልተነሣም። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞራ ዝናቡን ስታይ፣ ልጅ ሳለች ከአባቷ ጋር ማር የቆረጠችበት የያዮ ጫካ ትዝ አላት፤ ጫካውና ዝናቡ አንድ ሆነውባት እንቅልፍ እንቅልፍ አላት። ልቧ የተነሣው በዚያ ሰላም መካከል ነው።

ዕፀገነት ወደ አሮጌው መኪና ሄደች።

"ዲሪቤ፣ ሰዓትሽን ያዢልኝ።"

ለእያንዳንዱ የልቧ ምት አንድ አራት ነጥብ መታች፤ ገጹ በነጥብ ተሞላ። "ገኤራ፣ እትዬ! ደቂቃው ሞላ!" አለች ዲሪቤ።

ገጹን ይዛ ሐኪም ዘንድ ሄዳ የሆነውን ተናገረች። ሐኪሙ አቶ ደርበው ነጥቦቹን በእርሳስ ጫፍ ቆጠሯቸው፤ በአንድ ደቂቃ መቶ ዘጠና ሁለት።

"ጭንቀትም ልብን ያፈጥናል" አሉ። "ይህ ግን ተረጋግተው ሳለ በአንድ ጊዜ ተነሥቶ በአንድ ጊዜ የሚቆም ነው። የልብዎ የምት ሥርዓት ተዛብቷል እንጂ አልፈሩም። ጅማ ሄደው በመሣሪያ ይታዩ፤ ገጹንም ይዘው ይሂዱ።"

በሽተኛ ነሽ ተብላ በደስታ ያለቀሰች ሴት መቱ ከዚያ በፊት አላየችም።

አቶ ቀኖ የሐኪሙን ወረቀት አነበቡ፤ ደብዳቤውንም ማን እንደ መታው ከዲሪቤ ሰሙ። "ፈርታ እንዲህ ከጻፈች፣ ሳትፈራማ ምን ልትሆን ነው?" ብለው ሳይፈርሙ መለሱት። ዕፀገነትም በጅማ መድኃኒት እየተረዳች፣ በቁቤ እየጻፈች፣ ዕድሜዋ ሲደርስ በወጉ ጡረታ ወጣች።

ቃል የሌለበት ገጽ ከጅማ አልተመለሰም፤ ያልተፈረመው ደብዳቤ ግን በመዝገብ ቤት ፋይሏ ውስጥ ቀረ። ዛሬ ያን ፋይል የሚከፍት ሰው፣ አንዲት ሴት ፊደል ፈርታ ልቧ እንደ ራደ ያነባል፤ ያንንም ደብዳቤ እጇ ሳይንቀጠቀጥ የመታችው እርሷው እንደ ነበረች መዝገቡ አይናገርም።