«ጀሚላ ገቡ»

ፈጠራ መስሏችሁ አትለፉት። በእርግጥ የሆነ ነገር ነው። ሆሳዕና ውስጥ፣ ረቡዕ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ... ፀሐይ ግቢውን ሞልታው።

የጀሚላ ባል ናስረዲን ከሆሳዕና ዶዮገና የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። መሪ እንደያዘ ስትሮክ መታው። ተሳፋሪዎቹ ተረፉ።

ንግግሩ ግን አልተረፈም።

ሀዲይኛው ጠፋ። የእናቱ ቋንቋ፣ ከጀሚላ ጋር ሃያ ዓመት ያወሩበት። የቀረለት መናኸሪያ ውስጥ የለመደው አማርኛ ብቻ ነበር፤ እሱም ቁርጥራጭ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ውሃ ይዛለት ስትገባ ቀና ብሎ አያት።

«ጀሚላ ገቡ» አለ። «ተቀመጡ።»

አንቱ ያላት መሰላት። ሀደሮ ላለችው ልጇ ለኢክራም ደውላ፣ አባትሽ እኔን ማክበር ጀመረ ብላ አሳቀቻት።

ብርጭቆውን ስትሰጠው ግን አልጠጣም።

«ለእነሱስ?»

ያኔ ሳቋ ቆመ።

ያን ረቡዕ የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ ሙሉመቤት ቤት ድረስ መጣች። አንጎል ቃላትን የሚይዝበትና የሚያያይዝበት መንገድ አንድ እንዳልሆነ ለጀሚላ አስረዳቻት። «ገባች»ን ከ«ገቡ» የሚለየው ነገር ሲጎዳ፣ ሰው አንዱን ብዙ ሊያደርገው ይችላል አለቻት። ጀሚላ እፎይ አለች።

ሙሉመቤት ሥዕሎች አወጣች። አንዲት ሴት...

«ትስቃለች» አለ ናስረዲን።

ሦስት ወንዶች...

«ይሮጣሉ።»

ሃያ አራት ሥዕል። አንዱንም አልሳተም።

ሙሉመቤት ሥዕሎቹን አስቀመጠች። ቀስ ብላ ወደ ራሷ ጠቆመች።

«ሙሉመቤት መጣች።»

ወደ ጀሚላ ጠቆመች።

ናስረዲን የጀሚላን ፊት አልፎ ከትከሻዋ በላይ አየ። ከዚያ በስተግራዋ። ከዚያ ዝቅ ብሎ... እግሯ ሥር።

«ቆሙ» አለ በሹክሹክታ።

ሙሉመቤት ሥዕሎቿን ሰብስባ ተነሳች። ጀሚላ በር ላይ ይዛት፣ ምን ላድርግ ብላ ለመነቻት።

«ሰዋስዉ ጤነኛ ነው» አለቻት፣ ዓይኗን ሳታይ።

ተመልሳ አልመጣችም። ስልክም አታነሳም።

በማግስቱ ጀሚላ ምሳ ይዛ ስትገባ፣ ናስረዲን ከታመመ ወዲህ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ። ሳይንተባተብ፣ ጥርት አድርጎ ተናገረ።

«ጀሚላ ሄደች። እነሱ ቀሩ።»

ፊቱ ቆማለች እኮ...

ሳህኑ እጇ ላይ ከበዳት። በዚያው ስልኳ ጠራ። ኢክራም ነበረች። ጀሚላ አነሳችው።

«እማዬ... አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች።

«እኛ ነን» አለች።

ደነገጠች። እንደገና ሞከረች፣ ቃሉን በልቧ ይዛው፣ ቀስ ብላ...

«እኛ ነን።»

ናስረዲን በደህና እጁ የተቀመጠበትን አግዳሚ ወንበር ይዞ እየተጎተተ ወደ ጥግ ተጠጋ። ግድግዳው ላይ እስኪለጠፍ ድረስ... የቀረውን ወንበር በሙሉ ለቀቀላቸው።