ሁለቱ ደረቅ ክሮች

ጉልላት የሞተው በግሪክ ባሕር ቢሆንም፣ ነገሩ የተፈታው ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ታራዴል ሰፈር፣ በማኑ ሳሎን ነው። የነዳጅ ዋጋ ጣራ በነካበት በዚያ ዓመት ማኑ ባለ ሦስት ጋራዥ ቤት ገዝቶ፣ የሶፋውን ፕላስቲክ እንኳ ሳያወልቅ እንግዳ ያስቀምጥበት ነበር። ሥራው ቧንቧ መበየድ ነው፤ ሲያወራ ግን ነዳጁን ራሱ የፈጠረው ይመስላል።

ጋሼ ኪራኮስን የጠራቻቸው የሟች ሚስት ሠናይት ናት። አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ወንጀል መርማሪ ነበሩ፤ እዚህ መጋዘን ይጠብቃሉ።

«ጋሼ፣ እሑድ አርባው ነው። እናቱ ገደልሽው ብለውኛል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንዳልደርስ ልከውብኛል» አለቻቸው።

ባልና ሚስቱ፣ ማኑና የሥራ ባልደረባቸው ጆኒ ግሪክ ለዕረፍት ሄደው፣ ለአንድ ቀን ትንሽ ጀልባ ተከራይተው ውኃ ውስጥ ዓሣ ሊያዩ ወጡ። የጀልባዋ ሕግ ቀላል ነው፦ ውኃ የሚገባ ቁጥር ያለበትን ታግ ከሰሌዳው አንስቶ በክሩ ክንዱ ላይ ያስራል፤ ሲወጣ መልሶ ይሰቅላል። ሰሌዳው ሲሞላ ጀልባዋ ትሄዳለች። ያን ቀን ሰሌዳው ሞላ፤ ጉልላት ግን አልነበረም። ወደብ ሲደርሱ ሠናይት ጮኻ ተመለሱ፤ አላገኙትም። ሬሳው በሁለተኛው ቀን ተገኘ፤ ክንዱ ላይ ምንም የለም።

ጋሼ ኪራኮስ ጆኒን ኢንተርናሽናል አቬኑ የሚባለው ጎዳና ላይ አገኙት።

«ጀልባዋ ስትነሳ የት ነበርክ?»

«ከኋላ ጋሼ፣ ፒክቸር ቼክ እያደረግኩ። ኦነስትሊ፣ ጉልላት ታች የተኛ መስሎኝ ነው።»

ሠናይት ደግሞ «ቀድሜ ወጣሁ፤ ባሕሩ አዙሮኝ ከሰሌዳው ሥር ፎጣ ተሸፋፍኜ ተኛሁ» አለች። ከሰሌዳው ሥር! ለሐሜተኛ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

ቅዳሜ ሁሉንም ማኑ ቤት ሰበሰቧቸው።

«ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሰሌዳው አጠገብ የነበረችው እሷ ናት» አለ ማኑ። «እኔ ውኃው ውስጥ ነበርኩ።»

«ምን አየህ?»

«ኧረ ምኑን ልንገርዎት ጋሼ! ዓሣው በያይነቱ! ሽታውስ? የባሕሩ ቅጠል ሽታ እስካሁን ካፍንጫዬ አልጠፋም።»

ጋሼ ኪራኮስ አንድ ወረቀት አወጡ።

«የጀልባዋ ሠራተኛ ለፖሊስ የሰጠው ቃል ነው። ታጎቹን ሲሰበስብ ሁለቱ ክሮች ውኃ ያንጠባጥቡ ነበር፤ ሁለቱ ደረቅ ነበሩ። የማን እንደሆኑ አላስተዋለም። አንዱ ደረቅ ክር የጉልላት ነው። ክንዱ ላይ የለም፤ ለሚያምነው ሰው ያዝልኝ ብሎ ነው የገባው። ሥራ ቦታ አንዱ ለሌላው የሰዓት መመዝገቢያ ካርድ እንደሚመታለት።»

«ትሩ ነው፣ እውነትዎን ነው» አለ ጆኒ። «ጉልላትና ማኑ ሁሌ ካርድ ይመታቱ ነበር።»

«ሁለተኛው ደረቅ ክር ውኃ ያልነካ ሰው የራሱ ታግ ነው። ጆኒ፣ ሠናይትን ውኃ ውስጥ አይተሃታል?»

«ከሥሯ ሆኜ ፒክቸር አንስቻታለሁ እኮ!»

«እንግዲህ ሁለታችሁም ገብታችኋል። ማኑ፣ የዋና ጭንብል አፍንጫ ይከድናል። ውኃ ውስጥ ምን ሸተተህ?»

ማኑ የሶፋውን ፕላስቲክ መቧጨር ጀመረ። ክረምቱን በሙሉ ከታራዴል እስከ ጎረቤት ከተማዋ ኤርድሪ «ባለ ሰርተፊኬት ጠላቂ ነኝ» ሲል የከረመ ሰውዬ መዋኘት አይችልም!

«ጉልላት ሽንት ቤት ተደብቄ አገኘኝ» አለ። «ማታ ለሁሉም ነው የማወራብህ ብሎ ሳቀብኝ። ውኃ የማትገባ ከሆነ ይህን ያዝልኝ ብሎ ታጉን ሰጠኝ። ጀልባዋ ስትሄድ አይቶ ትንሽ ይደንግጥ ብዬ ከእኔው ጋር ሰቀልኩት። ልናገር ነበር…»

«ታዲያ?»

«አፈርኩ።»

አፈርኩ! ሰው ባሕር ላይ ጥሎ ሲሄድ ያላፈረ፣ ዋና አይችልም መባልን አፈረ! ቱ!

ጋሼ ኪራኮስ ስልክ ደውለው፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። የጉልላት እናት «ሃሎ፣ ማነው?» አሉ። ማኑ ወደ ሶፋው ጥግ ሸሸ። ሠናይት ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«እማማ፣ የሚያናግርዎ ማኑ ነው። ልጅዎ ጀልባዋ ስትሄድ፣ ማኑ አለ፣ ይነግራቸዋል እያለ ሲጠብቅ ነው የሞተው። አሁን ለእርስዎ ይነግርዎታል።»