ሰዓትህን ፈትሽ

ይታየው ጭንቅላቱ ከኪቦርዱ ጎን ተጋድሞ ሞቷል። ስንት ዘመን በር ሲደግፍ የኖረው ድንጋይ በደም ተለውሶ ከወንበሩ ሥር ወድቋል፤ ድንጋዩም ዛሬ ሌላ ሥራ አገኘ። ቢሮው አዘዞ፣ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ያለ ጠባብ የሶፍትዌር ቢሮ ነው።

ኢንስፔክተር መሰረት ስትደርስ ፖሊሶቹ ነፍሰ ገዳይ ይዘው ጨርሰዋል፤ ወይም እንደዚያ መስሏቸዋል። ንብረት የሚባለው የሟቹ ረዳት ፕሮግራመር፣ እጁ በደም ተነክሮ ካቴና ገብቶለታል። የቢሮው ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፦ እሱ፣ የሟቹ ሚስት ቤዛዊትና ሸሪኩ አላምረው። ሦስቱም እዚያው ቆመዋል።

«መብራት ሲጠፋ ሻይ ቤት ወረድኩ» አለ ንብረት። «መብራት መጥቶ ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። ላነሳው ስል ነው ደሙ የነካኝ።»

«ውሸታም!» አለ አላምረው። «ደደብ እያለ ሲሰድበው ነበር የሚውለው። ቂም ይዞበት ነው።»

«ወይዘሮ ቤዛዊትስ?» አለች መሰረት።

«ሥራ ቦታ ሆኜ ተደወለልኝ» አለች፣ ስልኳን ጨብጣ።

«እርስዎስ አቶ አላምረው?»

«እኔማ መብራት ሳይጠፋ ነው የወጣሁት። ቁስቋም ለቅሶ ነበርኩ።» የሚያብረቀርቅ የእጅ ሰዓቱን ገልመጥ አደረገ። «አሥራ ሁለት ሊሆን ነው። ምነው፣ ሬሳው አይነሳም?»

መሰረት ሰዓቱን አየች። ጎንበስ ብላም ጠረጴዛውን አየች፤ ከኪቦርዱ ላይ ወደ ጎን የተጎተተ የደም መስመር አለ። አንድ ሰው ለመጻፍ ብሎ የሟቹን ጭንቅላት ገፍቶታል፤ ልክ እንደ ሻይ ብርጭቆ።

«ንብረት፣ ቁጭ በልና ስክሪኑን አንብብልኝ።»

«እዚህ? ደም እኮ አለበት!»

«ሶፋ ላስመጣልህ?»

ተቀመጠ። «ኮምፒውተሩ የሚሠራው በሊኑክስ ነው። አንድ ሰው ፕሮግራሙን ኮምፓይል ሊያደርግ፣ ማለት የጻፍነውን ወደሚሠራ ነገር ሊቀይር ሞክሮ እምቢ ብሎታል። ‹አሁን የተፈጠረው ፋይል ከነባሮቹ ያረጀ ነው፤ ሰዓትህን ፈትሽ› ይላል።» የስክሪኑን ጥግ አየ። «ኧረ! ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ጋሽ ይታየው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ያስተካከለው ፋይል ለኮምፒውተሩ ገና ያልተጻፈ ነገር ነው።»

«እንዴት ወደ ኋላ ይቀራል?»

«የውስጥ ባትሪው ሞቷል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን ይረሳል፤ ሲነሳ ይጠይቀናል፣ በእጅ እንሞላለን።»

መሰረት በሩን ዘጋች። የሚደገፍበት ድንጋይ ስለሌለ በጀርባዋ ደገፈችው።

«እንግዲህ ሁላችሁም ስሙኝ። ሰውየው ከሞተ በኋላ፣ መብራት ሲመጣ፣ አንድ ሰው ጭንቅላቱን ገፍቶ ሰዓት ሞላ። ንብረት ቢሆን በፈረንጅ አቆጣጠር ይሞላ ነበር፤ የየቀን ሥራው ነው። ወይዘሮ ቤዛዊት የእጅ ሰዓት አላሰሩም፤ ስልካቸውን አይተው ቢሞሉ እሱም የፈረንጅ ነው። ይህ ሰው ግን አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓትን እጁ ላይ እንዳየው አሥራ አንድ ብሎ ሞላ። ኮምፒውተሩ ረፋድ መሰለው። ቁልፍ ያለው ሦስት ሰው፤ የእጅ ሰዓት ያሰረ አንድ ሰው። እጅዎን ከኪስዎ ያውጡ፣ አቶ አላምረው።»

«ሰዓቴ በሀበሻ ቢቆጥር ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ቁስቋም እያለቀሱ አዘዞ ሰዓት መሙላትዎ ነው የገረመኝ።»

ቤዛዊት ጮኸች። አላምረውም ከእሷ በላይ ጮኸ፦ «ስሜን አውጥቶ ፕሮግራሙን ለብቻው ሊሸጠው ነበር! ድካሜን ሁሉ! እኔም ወስጄ ልሸጠው ነበር!»

«ንብረት፣ ሰዓቱን አስተካክለህ እስቲ እንደገና ሞክረው» አለች መሰረት፣ ካቴናውን ሳትፈታለት።

ልጁ በታሰረ እጁ ሞላ፤ ጠበቀ። ፕሮግራሙ ተከፈተ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «የአላምረው እና የይታየው ሥራ» የሚል ወጣ።

«ይህ ጠዋት አልነበረም» አለ ንብረት በቀስታ። «ጋሽ ይታየው ዛሬ ያስተካከለው ፋይል ይህ ነበር።»

መሰረት ካቴናውን ከልጁ እጅ ፈትታ፣ ደሙን እንኳ ሳትጠርግ አላምረው እጅ ላይ ቆለፈችው። ከዚያም አገጩን ይዛ ወደ ስክሪኑ አዞረችው።

«ደህና አድርገው ያንብቡት እንጂ» አለችው። «ስምዎን እኮ አስቀድሞታል።»